ሚስማሩን ተከተይ

ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ካራ ላይ፣ ከሰዓት፣
እኔ ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ አጎናፍር ከታች
መሰላል ጨብጦ፣ ሁለታችን በፍርሃት።
ሃያ ሁለት ክረምት እሱ ነው የወጣው፤
ዘንድሮ ጉልበቱ ከሦስተኛው እርከን መልሶ አመጣው።

«ሚስማሩን ተከተይ» ይለኛል አንጋጦ፣
«ሚስማር ያለበት ስር ማገር አለ አድፍጦ።
ባዶውን ከረገጥሽ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤
የምታርፊው ሳሎን ነው፣
ከነጫማሽ፣ ሶፋው ላይ።»
እኔም ፊደል እንደያዘ ልጅ፣ ሀ ሁ እያልኩ በእግሬ ጣት፣
ከሚስማር ወደ ሚስማር፣ ከዝገት ወደ ዝገት።

አሸንዳው ጢም ብሏል።
የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የዘንድሮው ከላይ፣
የዓምናው ከስሩ በስብሶ፣
የቁራ ላባ፣ የተነፈሰ ኳስ፣
አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የማን እንደሆን እንጃ።
ዓምና «ጠርጌዋለሁ» ብሎኝ ነበር።
ጉልበቱ ያኔም እንቢ ብሎት ኖሯል።
ምንም አላልኩት። በእጄ እየዛቅኩ ጣልኩ ወደ ታች፤
«ቀስ!» አለ፣ አናቱ ላይ ጭቃ፤
ሳቅኩኝ። እሱ ግን ዓይኑን
ከእግሬ ላይ አልነቀለም ለደቂቃ።

ጎማቸው የተበላ ሰባት ሚስማር ነቀልኩ።
ከካላማዳሪ ክብ ክብ አድርጎ የቆረጠው ኪሴን ሞልቷል፤
«ጉብታው ላይ ምቺ። ጎድጓዳው የውሃ መንገድ ነው፣
መንገድ ላይ ማን ሚስማር ይተክላል?»
የመጀመሪያው ታጠፈ።
ሁለተኛው አውራ ጣቴን አገኘው።
ሦስተኛው ገባ።

ከላይ ሆኜ ሰፈሩን አየሁት፣ አናት ላናት።
የጥሩአየር ጣሪያ ላይ ድንጋይ፣ ግማሽ ብሎኬት፣ የላዳ ጎማ፤
ሚስማር መግዣ ሲጠፋ ክብደት ያበድራል ድንጋይ።
ማዶ ኮንዶሚኒየሙ፣ ጣሪያው የሁሉም፣
የሁሉም ስለሆነ ሲያፈስ የሚወጣለት የለም።

ሐምሌ ተጋመሰ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጠጠር ቆርቆሮው ላይ ወደቀ፤
የጎረቤት ልጅ መሰለኝ፣ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ።
ከዚያ ሺህ ልጅ።
በረዶ ሲወርድ ቆርቆሮ ስር ወሬ የለም፤
አጎናፍር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ድምፁ የለም፤
«ምን?» እላለሁ፣ የእኔም የለም።
ሳንደማመጥ የዋልንበት ቀን መች ጠፍቶ፤
ጥፋቱ የበረዶው የሆነው ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው።

በቴሌቪዥን አይቻለሁ፣ ሌላ አገር በረዶ እንደ ጥጥ፣
ኮሽታ ሳያሰማ ወርዶ፣
ጣሪያ ላይ ተኝቶ ይከርማል፤
ሰዎቹ አካፋ ይዘው፣ ክብደቱን እየገመቱ።
የእኛው ለሩብ ሰዓት ነው እንግድነቱ፤
ግን እንደ አራጣ አበዳሪ
በር ሳይሆን አናት ነው የሚመታው።

አባራ። ድምፁ ተመለሰለት፤
«ሳይቀልጥ! አሸንዳው ሳይቀልጥ ይጠረግ!
ውሃ መሄጃ ካጣ የሚመለሰው ወደ ቤት ነው።
ቆርቆሮውን እንዳትረግጪ፣ እርጥብ ነው፤ ከመሰላሉ ሳትለቂ።»
በአሮጌ ጭልፋ በረዶ ቀዳሁ፣
ጣቶቼ የእኔ እስከማይመስሉ።
ቤታችን አንዲት ጠብታ አላስገባም።
ደስ ሊለኝ ሲል ከአጥሩ ማዶ አየሁ፤
ድንጋዩ ተንከባሎ፣ ሁለት ቆርቆሮ ተገልብጦ፣
ጥሩአየር ማጀቷ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች።
ስታየኝ እጇን አወዛወዘች፣
ታክሲ እንደምትጠብቅ ሁሉ።

በነጋታው ፀሐይ ወጣ፣ ቆርቆሮው ደረቀ።
ኪሴን ዳበስኩ፦ አራት ጎማ፣ ስድስት ሚስማር።
መሰላሉን በአጥሩ አሻገርነው።
የእሷ ጣሪያ ላይ ግን የምከተለው ሚስማር የለም፤
ድንጋይ ነው የነበረው፣ ድንጋይ ደግሞ
እንጨቱ የት እንዳለ አይናገርም።
«በምን ልሂድ?» አልኩት።
አጎናፍር ትንሽ ዝም አለ።
እያነከሰ ማጀት ገባ፣
የጥሩአየርን መጥረጊያ ገልብጦ
በእንጨቱ ጫፍ ከስር መታ። ጧ።
አለፍ ብሎ መታ። ኳ።
«እዚህ ነው» አለ ከውስጥ፣ «ኳ የሚልበት።»

እግሬን አነሳሁ፣
ጆሮዬን አስቀደምኩ።